«ሁላችንም እንግዶች ነን» የሚለውን ሐሳብ እንዴት እናንብበው?

«ሁላችንም በዚህ ምድር እንግዶች ነን።» ይህን ያልሰማ የለም። ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ስብከት ላይ ይባላል፣ ፌስቡክ ላይ ከጀንበር መጥለቂያ ፎቶ ጋር ይለጠፋል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቅና ወሬው ተመልሶ ወደ መሬት ዋጋ ይሄዳል።

ሐሳቡ ግን እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሰው ከቤቱ የወጣ ፍጡር ነው፣ እዚህ ያለው ተባርሮ ወይም ተልኮ ነው የሚለው አስተሳሰብ በአይሁድም በክርስትናም በእስልምናም አለ። የጥንት ግሪኮችም ጋ አለ። ሁሉም ግን አንድ ነገር አይሉም። አንዱ «ያንተ ስላልሆነ አትልፋበት» ይላል፤ ሌላው «ያንተ ባይሆንም ቤት ሥራበት» ይላል። ሁለቱን የተቀበሉ ሰዎች አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም።

እንግዲህ እነዚህን ጽሑፎች ብቻችሁን ወይም ከጓደኞቻችሁ ጋር ማንበብ ከፈለጋችሁ እንዴት እንደምትሄዱበት ልንገራችሁ። ዲግሪ አያስፈልግም። መጽሐፍ ቅዱስ (ሰማንያ አሐዱ ከሆነ ይመረጣል)፣ የአማርኛ ቁርአን ትርጉምና አንድ ደብተር ይበቃል። ጊዜው ዘመነ ጽጌ ከሆነ ደግሞ እሰየው። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር ቁስቋም ድረስ ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን ስለምታስብ፣ ማኅሌቱን ሰምታችሁ ስትመጡ ንባቡ ይቀላችኋል።

ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ

የስደት ታሪክ ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰውየው ከየት ወጣ? ማን አስወጣው? ከወጣ በኋላስ ምን አድርግ ተባለ?

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም ይጠይቃል። ሦስተኛው ነው የሚዘለለው። ናፍቆት ይጥማላ! ሥራ ግን አይጥምም። እኔ እንደማየው ጥሩ ጥሩዎቹ የስደት ጽሑፎች በሙሉ ለስደተኛው አንድ ሥራ ይሰጡታል፦ መሬት እረስ፣ ቤት ሥራ፣ ሬሳ ቅበር፣ እንግዳ አትግፋ። ሥራ የሌለው ናፍቆት ወይ ቂም ይሆናል ወይ ስንፍና። ዝም ብላችሁ አትቀበሉኝ፤ እያነበባችሁ ፈትኑት።

ከኤደን ጀምሩ፣ ግን ቀስ በሉ

ዘፍጥረት ምዕራፍ 2ንና 3ን አውጡ። ችግሩ ታሪኩን ማወቃችን ነው። ዕፀ በለስ፣ እባብ፣ ቅጠል፣ ኪሩብ ብለን በአንድ ትንፋሽ እንጨርሰዋለን። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ፣ ቁጥር በቁጥር አንብቡት።

ምዕራፍ 2 ቁጥር 8 ላይ ቁሙ። አዳም የተፈጠረው ገነት ውስጥ አይደለም። መጀመሪያ ከአፈር ተበጀ፣ ከዚያ ነው ገነት የገባው። አሁን ወደ ምዕራፍ 3 ቁጥር 23 ሂዱ። ከገነት የወጣው ያንኑ የተገኘበትን መሬት እንዲያርስ ነው። ወደ ባዕድ አገር አልተላከም ማለት ነው፤ ወደተሠራበት አፈር ነው የተመለሰው። እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ብትከራከሩ አይቆጭም። ለመሆኑ የአዳም አገሩ የቱ ነው? የተፈጠረበት ነው ወይስ የኖረበት? አዲስ አበባ ተወልዶ በሦስት ዓመቱ ዋሽንግተን የሄደ ልጅ ይህ ጥያቄ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ቁጥር 21ንም አትዝለሉ። ኪሩብና የምትገለባበጠው ሰይፍ ከመምጣታቸው በፊት እግዚአብሔር ለአዳምና ለሔዋን የቁርበት ልብስ ሠርቶ አለበሳቸው። ያስወጣውና ያለበሰው አንድ ነው። «ማን አስወጣው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ይህን ካልያዛችሁ መልሱ ጎዶሎ ይሆናል። አባራሪው ዝም ብሎ ተቆጪ ብቻ ይመስላችኋል።

ሰማንያ አሐዱ ያላችሁ ከዚህ ወደ መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 3 እለፉ። መጽሐፉ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ነው፤ ባለቤቶቹ ሆነን ሳለ የምናነበው ግን ጥቂቶች ነን። አዳም በተፈጠረበት ምድር 40 ቀን ከቆየ በኋላ ወደ ገነት ገባ፣ ሔዋን ደግሞ በ80ኛው ቀን ገባች ይላል። ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡት በዚህ ነው ብለው ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ስለዚህ በክርስትናው ቀን እሪ የሚለው ሕፃን ወደ ገነት እየገባ ነው፤ ፎቶ አንሺው «ወደዚህ አዙሩልኝ» እያለ።

እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ ቁጥር 28 ነው። አዳም ከገነት በወጣበት ቀን የእንስሳቱ፣ የአራዊቱ፣ የወፎቹ አፍ ተዘጋ ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር። ስደቱ የአዳም ብቻ አልነበረም። በሬውም ዝም አለ፣ ወፉም ዝም አለ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ቀድሞ የሚያጣው የሚያናግረውን ነው፤ ይህን ለማወቅ ሰው በማታውቁበት ከተማ አንድ ክረምት መክረም ይበቃል።

በነገራችን ላይ የዘመን አቆጣጠራችንም ይህን ስደት ይቆጥራል። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ሰው ዓመተ ዓለምን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምራል። እነዚያ 5500 ዓመታት ዓመተ ፍዳ ናቸው፤ አዳም ከገነት ወጥቶ «ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ አድንሃለሁ» የተባለውን ተስፋ (አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ) የጠበቀባቸው። ቀበሌ ደብዳቤ ላይ «ዓ.ም.» ተብሎ ሲጻፍ ያ ሁሉ አብሮ አለ።

ቁርአኑን አጠገቡ ዘርጉት

አል-በቀራህን ከአንቀጽ 30 እስከ 38 አንብቡ። ሙስሊም ያልሆናችሁ እዚህ አትቸኩሉ፤ «ያው የአዳም ታሪክ ነው» ማለት ትልቁ ስሕተት ነው። አላህ ገና አዳም ከመፈጠሩ በፊት ለመላእክቱ በምድር ላይ ምትክ እንደሚያደርግ ይነግራቸዋል። መላእክቱም ደም የሚያፈስ ፍጡር ልታደርግባት ነውን ብለው ይጠይቃሉ። ልብ በሉ፣ ምድር ከጥፋቱ በፊት ታስባለች። አዳም ባይሳሳትም መድረሻው እዚሁ ነበረ የሚያስብል ነገር አለበት። አንቀጽ 37 ላይ ደግሞ ንስሐው ተቀባይነት ያገኛል። አንቀጽ 38 ላይ ውረዱ ይባላሉ፤ መመሪያ እንደሚመጣላቸውም ይነገራቸዋል።

ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ መልሱ ግልጽ ነው፤ ሰው ምድር ላይ አደራ ይዞ ነው ያለው። ቡኻሪ ከዘገቧቸው ሐዲሶች በአንዱ ነቢዩ ሙሐመድ የኢብን ዑመርን ትከሻ ይዘው በዚህ ዓለም እንደ እንግዳ ወይም እንደ መንገድ አላፊ ሁን ይሉታል። አደራና እንግድነት አብረው ይሄዳሉ ወይ? እኔ ይሄዳሉ ባይ ነኝ። በሰው ቤት ያደረ እንግዳ ዕቃ አይሰብርም።

ቃየንንና አብርሃምን ለየብቻ አታንብቡ

ቃየን ወንድሙን ገድሎ ኰብላይና ተቅበዝባዥ ትሆናለህ ተባለ። ዘፍጥረት 4 ቁጥር 17 ላይ ግን ከተማ ሠርቶ በልጁ ስም ይጠራታል። በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያዋን ከተማ የሠራው ተቅበዝባዥ ነው። አብርሃም በተቃራኒው ማንንም ሳይገድል፣ ውጣ ስለተባለ ብቻ ወጣና ዕድሜውን በድንኳን ኖረ። አገሩ ሁሉ ያንተ ነው የተባለው ሰውዬ ሣራ ስትሞት የሚቀብርበት አጣ። ምዕራፍ 23ን ብቻውን አንብቡት። በኬጢ ልጆች ፊት ቆሞ እንግዳና መጻተኛ መሆኑን ይናገራል፣ ይሰግዳል፣ ይደራደራል፣ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ዋሻና እርሻ ይገዛል። ኤፍሮን «400 ሰቅል በእኔና በአንተ መካከል ምንድን ነው?» ሲል ደላላ ታውቃላችሁ እንዴ ያሰኛል። በተስፋይቱ ምድር የገዛው የመጀመሪያ መሬት መቃብር ነው።

ፈላስፎቹ ላይ ብዙ አትቆዩ

ሲሲሊ ላይ የነበረው ኤምፔዶክሊስ ራሱን ከአማልክት ዘንድ የተባረረ ተንከራታች ይለዋል። ዲዮጋን ደግሞ የሲኖፔ ሰዎች ከአገር እንዲወጣ እንደፈረዱበት ሲያስታውሱት «እኔም እዚያው እንዲቀሩ ፈርጄባቸዋለሁ» አለ ይባላል። ደስ ይላል፣ ይሳቅበታል፣ ይታለፋል።

ሮማዊው ሴኔካ ላይ ግን ትንሽ ቁሙ። በ41 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወደ ኮርሲካ ደሴት ተጋዘና ለእናቱ የማጽናኛ ጽሑፍ ላከላት። ስደት ቦታ መቀየር ብቻ ነው፣ ሰማዩ የትም አንድ ነው፣ ምግባር የትም አብሮ ይሄዳል ይላታል። ግሩም ነው። እዚያው ሆኖ ግን ለአንድ የቤተ መንግሥት ባለሟል ሌላ ማጽናኛ ጻፈ፤ ያኛው ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱን በማወደስ የተሞላ «እባካችሁ መልሱኝ» የሚል ልመና ነው። እስከ 49 ዓ.ም. ድረስ እዚያው ቆየ። ሁለቱን አብራችሁ አንብቡ እንጂ የመጀመሪያውን ብቻ አንብባችሁ አትደነቁ። አዋቂው ሰው እናቱን ሲያጽናና አንድ ነገር ይላል፣ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ሌላ ይላል።

ኤርምያስ ላይ ግን ሰፈር ሥሩ

ጊዜ ያጠራችሁ ከሁሉ ቀድማችሁ ይህን አንብቡ፤ ኤርምያስ ምዕራፍ 28 እና 29።

ሁኔታው ይህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ናቡከደነፆር የይሁዳን ንጉሥ ከመኳንንቱና ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር ወደ ባቢሎን አጋዘ። ኢየሩሳሌም ገና አልፈረሰችም። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሣና በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል አለ። ሰው ምን ያህል ደስ እንዳለው አስቡ። ሁለት ዓመት! ሻንጣ አይፈታበትም። ከአገር ቤት ወደ ዐረብ አገር በሁለት ዓመት ኮንትራት የሄደች እህት ያላችሁ ይህ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

ኤርምያስ ምን አለ? መጀመሪያ «አሜን» ነው ያለው። ምዕራፍ 28 ቁጥር 6 ላይ አለላችሁ። እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ አለ። እሱም ይመኛል፣ ጨለምተኛ አይደለም። ቀጥሎ ግን ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ይናገራል። ሐናንያ ኤርምያስ ለባቢሎን መገዛትን ለማሳየት አንገቱ ላይ ያደረገውን የእንጨት ቀንበር በሕዝብ ፊት ሰበረው። ኤርምያስም መልስ ሳይሰጥ መንገዱን ሄደ፤ ይህን ዝምታ በጣም ነው የምወደው።

ከዚያ በምዕራፍ 29 ደብዳቤ ይጽፋል። 70 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ቤት ሥሩ፣ ኑሩበትም። ተክል ትከሉ፣ ፍሬውንም ብሉ። ተጋቡ፣ ውለዱ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ። የተሰደዳችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እሷም ጸልዩ፤ በእሷ ሰላም እናንተም ሰላም ታገኛላችሁና። ከተማዋ እንግዲህ ባቢሎን ናት፤ ከቤታቸው የነቀለቻቸው። ሰዉ ተቆጣ። ሸማያ የተባለ ሰው ከባቢሎን ሆኖ ይህን ዕብድ ለምን አትገሥጹትም የሚል ደብዳቤ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ።

ተመልሼ እሄዳለሁ እያለ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለመኖሪያ ቤቱ መጋረጃ ሳይገዛ የኖረ ሰው እናውቃለን፤ ቨርጂኒያም አለ፣ ፍራንክፈርትም አለ። ደብዳቤው የተጻፈው ለእሱ ነው። ተስፋህን ጣል አይልም፤ 70 ዓመቱ ሲሞላ መመለስ አለ። መጋረጃ ግን ግዛ ነው የሚለው። እንዲህ ካነበባችሁት የሰው ልጅ በሙሉ በምድር ላይ ያለበት ሁኔታ ይኸው ነው የሚሉ የሃይማኖት አሳቢዎች ለምን እዚህ ምዕራፍ ላይ እንደሚመላለሱ ይገባችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን የጻፈው ሰው ራሱ በኋላ ያለ ፈቃዱ ወደ ግብፅ ተወስዷል። ምዕራፍ 43 ላይ አለ። ከዚያ ወደ አገሩ ስለመመለሱ መጽሐፉ አይናገርም።

መዝሙር 136ን እስከ መጨረሻው

በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠን አለቀስን የሚለው ነው (በሌሎች ትርጉሞች 137)። የሚዘመረው መጀመሪያው ነው። ብዙ ሰው ቁጥር 6 ላይ ያቆማል። እናንተ አታቁሙ። መጨረሻው የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ የሚፈጠፍጠውን ሰው ምስጉን ይለዋል። ይዘገንናል፣ ሊዘገንንም ይገባል። አባቶች ሕፃናቱን ገና ያላደገ ክፉ ሐሳብ ብለው በምሥጢር ተርጉመውታል፤ ደግ አደረጉ። ከዚያ በፊት ግን የቃሉን ክብደት ቅመሱት። ናፍቆት ሥራ ሲያጣ የት እንደሚደርስ ያሳያል። ከኤርምያስ ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን አድርጉና ስለዚያችው ከተማ፣ በዚያው ሕዝብ መካከል የተባሉ ሁለት ነገሮች እንደሆኑ አስታውሱ።

ሳይሰደድ የተሰደደው ኢትዮጵያዊ

ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዷ የሆነችውን ተረፈ ባሮክን ያላነበባችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል። አጭር ናት፣ በአንድ ምሽት ታልቃለች። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ኤርምያስን ከጭቃ ጉድጓድ ያወጣው ነው፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ አብሮ ያወረደለት አስተዋይ ሰው። ኤርምያስም የከተማዋን ጥፋት እንዳያይ በለስ አምጣ ብሎ ከከተማ ውጭ ላከው። በለሱን ለቀመ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለ፣ 66 ዓመት ተኛ።

ሲነቃ ገና እንቅልፌን አልጠገብኩም ይላል። በለሱ ትኩስ ነው። ወደ ከተማ ይገባል፤ ቤቱን አያውቀውም፣ ሰዉን አያውቀውም። መንገድ ስቼ ነው ይልና ተመልሶ ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ነው በመጨረሻ እውነቱን የነገረው።

ይህ ሰው ተኝቶ ሳለ ድንበር አልተሻገረም። የሚኖርባት ከተማ ናት ከሥሩ የሄደችበት። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ያየ ሰው፣ የልጅነት ቤቱን ቦታ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ የሚገምት ሰው፣ አቤሜሌክን ያውቀዋል። እዚህ ላይ ለቡድናችሁ የምትጠይቁት፦ ሰው ሳይንቀሳቀስ ስደተኛ መሆን ከቻለ፣ መመለስ ብቻውን ስደትን ይፈውሳል?

ለዚህ ጥያቄ ከቤተ እስራኤል የተሻለ መልስ ያለው አላውቅም። በጎንደር በኩል በየዓመቱ ለስግድ በዓል ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጡ፣ ይጾሙ፣ ወደ ኢየሩሳሌም እያዩ ይጸልዩ ነበር። ከዚያ በሱዳን በኩል ሄዱ፣ ብዙዎች በመንገድ አለቁ፣ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን እስራኤል ገባ። ኢየሩሳሌም ከደረሱ በኋላ ስግድ ቀረ? አልቀረም። እዚያው ኢየሩሳሌም ላይ ነጭ ለብሰው ይሰበሰባሉ፤ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው። ቄሶቹ አሁንም ይጸልያሉ። ኢየሩሳሌም ቆመው ኢየሩሳሌምን ይናፍቃሉ፣ ምክንያቱም የናፈቋት ከተማና የደረሱባት ከተማ ሙሉ በሙሉ አንድ አይደሉም።

ይህን ሐሳብ የማይጠቀሙበት ቦታ

ከካምፕ ለወጣ፣ ባሕር ላይ ወንድሙ ለሰመጠበት፣ ወረቀት ለሌለው ሰው «ምን ታደርገዋለህ፣ ሁላችንም ስደተኞች ነን» አትበሉ። ሐሳቡ ስለ ሰው ተፈጥሮ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ሰዓት ግን አፍ መዝጊያ ነው። መሬቱ የእግዚአብሔር ነው፣ እናንተ እንግዶች ናችሁ የሚለው ዘሌዋውያን 25 ቁጥር 23 ራሱ እንኳ ስብከት አይደለም፤ ድሃው የሸጠው ርስት ለዘላለም እንዳይወሰድበት የወጣ ሕግ ነው።

ሞዴል ከፈለጋችሁ የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ አለላችሁ። በ615 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ሸሽተው ሐበሻ ሲገቡ የመካው የቁረይሽ ጎሳ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው አስመልሱልን ብለው መጡ። ነጃሺ ስለ ሰው ልጅ እንግድነት አልተፈላሰፈም። ስደተኞቹን አስጠራ፣ ከእነሱ አንዱ የሆነው ጃዕፈር ታሪካቸውን ሲናገር አዳመጠ፣ ስለ መርየም የሚናገረውን የቁርአን ክፍል ሲያነብለት አለቀሰ፣ ስጦታውን መለሰ፣ ሰዎቹን አሳልፎ አልሰጠም። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ነው የሚተርኩት።

በቡድን ስታነቡ

ከስምንት ሰው አትብዙ። በአንድ ምሽት ከአንድ ንባብ አትለፉ። ቅደም ተከተሉ ዘፍጥረትና ኩፋሌ፣ ከዚያ አል-በቀራህ፣ ከዚያ ኤርምያስ ከመዝሙሩ ጋር፣ ተረፈ ባሮክ መጨረሻ ቢሆን ጥሩ ነው። ቃየንና ሴኔካ ካልደረሳችሁ ይቅሩ። ሙስሊምና ክርስቲያን አብራችሁ ከሆናችሁ የየራሳችሁን መጽሐፍ የየራሳችሁ ሰው ያንብበው፤ ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቅ፤ ማን ልክ ነው የሚለው ክርክር ሲነሣ ሦስቱን ጥያቄዎች ደግማችሁ አንሡና ወደ ጽሑፉ ተመለሱ።

መሐላችሁ በእውነት የተሰደደ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱ ይናገር። መናገር ካልፈለገ ግን አታስጨንቁት፤ ቡናውን ቅዱለትና ንባቡን ቀጥሉ።